ዕድራችን ለአስታማሚም ይድረስ

ለሠፈራችን ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና አባላት በሙሉ
እንዲሁም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉ ዕድሮች፣ ማኅበሮችና ሰንበቴዎች

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሽተኛ ለሚያስታምሙ አባላት የማሳረፊያ ተራ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

እንኳን እግዚአብሔር ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ያረፈች ለት ያደረጋችሁልኝን አልረሳውም። ነፍሷ የወጣችው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ዝናቡ ዶፍ ነው። ጥሩንባው ተነፋ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ጓሮ ብረት ድስቱ ተጥዶ አየሁ። ደጃፉ ላይ ጭቃው እንዳያስቸግር ገለባ ተጎዝጉዟል፤ ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከጎኔ ሰው አልጠፋም። ውኃ ልቅዳ ብዬ ብድግ ስል አንዲት እናት ትከሻዬን ይዘው “ቁጭ በይ ልጅየ፤ ዛሬ የአንቺ ሥራ ማልቀስ ብቻ ነው” አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። እንደተቀመጥኩ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ከውስጤ አልወጣ አለ። ይኸን ደብዳቤ የጀመርኩት ላመሰግናችሁ ነበር፤ እየጻፍኩ ሳለ ወደ ልመና ዞረ። ሐሳቡም ይኸ ነው፦ እናቴ በሕይወት በነበረችባቸው 14 የሕመም ወራት “ቁጭ በይ” ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነበር ቁጭ ማለት በጣም ያስፈልገኝ የነበረው።

እናቴን ሕመሙ የጣላት በ2016 ዓ.ም.፣ በልደታ ማግስት ነው። ገጠር፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ቤቷ ጌሾ ስትወቅጥ ዘነዘናው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላነሳው ብላ ጎንበስ ስትል እሷም ወደቀች። ምላሷ ተሳሰረ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ መኪና መንገድ ድረስ አውጥተው አመጡልኝ። ስትሮክ ነው ተባለ፤ መነሻው ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት። ግፊት እንዳለባት እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ውስጥ ለውስጥ ሠርቶ ሠርቶ አንድ ቀን ነው የሚጥለው። ከዋናው ነገሬ ትንሽ ወጣ ብዬ ልለምናችሁ፦ ይኸን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ 40 ዓመት ያለፋችሁ፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ተለኩ። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ሆስፒታል 15 ቀን ተኛች፤ እኔም ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። ስንወጣ የመድኃኒት ወረቀት ተሰጠኝ። እንዴት እንደምትገላበጥ፣ እንዴት እንደምትጎርስ፣ እንዴት ተደግፋ እንደምትነሳ ግን ያሳየኝ የለም። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ኮሪደሩ ላይ ተኝቶ አይቻለሁ። ግን ያልተነገረኝን ነገር በእናቴ ገላ ላይ ነው የተማርኩት። በ3ኛው ሳምንት ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ቀይ ነገር አየሁ። ትኋን ነው ብዬ ተውኩት። ሳምንት ሳይቆይ ቆዳው ተገፈፈ። ያን ጊዜ ነው አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይታ “በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠች ይኸ ቁስል አጥንት ድረስ ይገባል” ያለችኝ።

በየ2 ሰዓቱ። ቃሉ ቀላል ነው። እስቲ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ።

ማታ 4 ሰዓት ላይ ልጆቼ ሲተኙ አንዴ አገላብጣታለሁ። የስልኬን ደወል ለ6፣ ለ8፣ ለ10 ሰዓት ሌሊት እሞላለሁ። ሲጮህ እነሳለሁ። መብራት ካለ መብራት፣ ከሌለ ሻማ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱን እገልጣለሁ፤ እርጥብ ከሆነ ጨርቁም ላስቲኩም ይቀየራል። ከዚያ ጉልበቷን አጥፌ፣ አንድ እጄን ከትከሻዋ አንዱን ከዳሌዋ ሥር አስገብቼ ወደ እኔ እስባታለሁ። ሽባ የሆነውን እጅ ይዞ መጎተት አይገባም፤ ትከሻው ይወልቃል። በጎኗ ካስተኛኋት በኋላ በሁለት ጉልበቶቿ መካከል የታጠፈ ጋቢ፣ ከጀርባዋ ትራስ፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ሌላ ጨርቅ አኖራለሁ። ቆዳዋን በእጄ እዳብሳለሁ፤ የቀላ ካለ በዚያ ጎን አትተኛም። 20 ደቂቃ ይፈጃል። እንቅልፍ ግን እንደ ውሻ አይደለም፣ ስትጠሩት አይመጣም። ዓይኔ ሲከደን የሚቀጥለው ደወል ይጮሃል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አጥሚት አሞቃለሁ። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በደህናው በኩል በማንኪያ ትንሽ ትንሽ መስጠት፣ እስክትውጥ መጠበቅ፣ ካበቃች በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳትጋደም ማቆየት፤ አለበለዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱ ልጆቼ ቁርስ በልተው፣ ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው። 2 ሰዓት ላይ ክፍል እገባለሁ፤ በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ አለኝ። በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ ቤት ደርሼ አገላብጣት እና እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር፤ የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ በ2ኛው ወር “እትየ፣ አልቻልኩም” ብላ አልቅሳ ሄደች። አልፈረድኩባትም። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ብር ይልካል፣ እግዜር ይስጠው። 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ በተዘጋባቸው ሳምንታት ግን ድምፁን ለመስማት እንኳ ተቸግረናል።

ይኸን የምዘረዝረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። እናቴን ማስታመሜን ክብር አድርጌ ነው የምቆጥረው፤ ዛሬም ብትመለስልኝ እንደገና አደርገዋለሁ። የምዘረዝረው ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው ሸክም መሆኑን እንድታዩልኝ ነው። በ6ኛው ወር 9 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ወገቤ ቀና አልል ብሎ ነበር። ክፍል ውስጥ ደብተር ረሳ ብዬ የጮኽኩበት የ5ኛ ክፍል ልጅ ሲያለቅስ የሌላ ሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ባልደረባ ባሏ ነርስ ነውና ለክቶኝ 150 በ95 አለኝ። እናቴን የጣላት ያው ግፊት ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ለራሴ ያልኩት “አሁን ስለእኔ የሚወራበት ጊዜ አይደለም” ነው።

ከዚያ የኅዳሩ ጠዋት መጣ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት አንድ የግፊት ኪኒን ትወስድ ነበር። የዚያን ለት ሌሊቱን አንድ ሰዓት አልተኛሁም። ኪኒኑን ሰጠኋት፤ ውኃ ሰጠኋት፤ ልጄን ጫማ አለበስኩ፤ ተመልሼ መጣሁ። ኪኒኑ መዳፌ ላይ ነው። ሰጥቻታለሁ ወይስ አልሰጠኋትም? ቆሜ አሰብኩ። ራሴ ባዶ ነበር። አልሰጠኋትም ብዬ ሰጠኋት። ከ2 ሰዓት በኋላ በእረፍት ሰዓት ስመጣ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ እጇ ቀዝቅዟል፣ ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነች። እግሯን ከፍ አድርጌ እየጮኽኩ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግፊቷ ወርዶ ወርዶ 80 በ50 ነበር። ውለው አዳኗት። እኔ ግን ወረፋው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የገባኝ ነገር አለ፦ እናቴን ልገድላት የነበረው ፍቅሬ አንሶ አልነበረም። እንቅልፌ አንሶ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። የታችኛው ቤት እናት፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ስማቸውን ግን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ገቡ። “እንዴት አደረች?” አላሉኝም። ነጠላቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና “አሳይኝ፣ እንዴት ነው የምትገላበጠው?” አሉ። አሳየኋቸው። “በይ ሂጂ ተኚ” አሉኝ። “ኧረ እትየ፣ ቡና እንኳ...” ስል “ቡና ልጠጣ አልመጣሁም” አሉ። ጓዳ ገብቼ ተጋደምኩ፤ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የእናቴ ሳቅ ነው። ከወደቀች ጀምሮ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። የልጅነታቸውን የሠርግ ዘፈን እየዘፈኑላት ነበር።

ከዚያ በኋላ በ15 ቀን አንዴ እየመጡ አሳረፉኝ። ጉልበታቸው እስከ ቻለ። ያ እንቅልፍ ነው ለእናቴም ለእኔም ዕድሜ የሰጠን።

አሁን ስለ ጥየቃችን ላውራ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ጠያቂ አጥቼ አላውቅም። ድፎ ዳቦ ይዛችሁ፣ ብርቱካን ይዛችሁ፣ እንቁላል ይዛችሁ መጥታችኋል። “እግዜር ይማራት” ብላችሁ ልቤን አቁማችሁታል። ነገር ግን ባህላችን ነውና፣ ሰው ሲገባ ጀበና ይጣዳል። ቄጤማ ይጎዘጎዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ጠያቂ ሳይጠጣ አይሄድም፣ እኔም ሳላፈላ አልለቅም። እናንተ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ስትሄዱ እኔ ሲኒ አጥቤ፣ ያለፈችኝን መገላበጫ ሰዓት አስቤ እሯሯጣለሁ። በአንድ የሚካኤል ቀን 11 ሰው መጣልኝ፤ ማታ ላይ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ደክሜ ነበር። ማናችሁም በክፋት አላደረጋችሁትም፤ እኔም ሰው ቤት ስሄድ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አስታማሚ ያለበት ቤት ስንሄድ ቡናውን ራሳችን እናፍላው። ወይም ጭራሽ ቡናው ይቅር። “ምን ላምጣ?” ከማለት “ስንት ሰዓት ልቀመጥልሽ?” ብንባባል ይሻላል።

ለምን አልነገርሽንም ትሉኝ ይሆናል። ይሉኝታ ነው። “እናቷን ለሰው ጥላ ተኛች” እንዳልባል ፈራሁ። ልጅ የሆነ ሁሉ የሚፈራው ቃል ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ እጥፍ ትፈራዋለች። ለንስሐ አባቴም የተናዘዝኩት ይኸንኑ ነው። “አባ፣ 7 ወር ሆነኝ ቅዳሴ አላስቀደስኩም፤ ደግሞም አንዳንዴ ሌሊት ደወሉ ሲጮህ ባልሰማው እያልኩ እመኛለሁ” አልኳቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና “ታቦቱ የማን ነው?” አሉኝ። ያው መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችን ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። “ማርቆስ በወንጌሉ 2ኛ ምዕራፍ ምን ጻፈ? ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም ብሏል። አንቺም ሰው ነሽ” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነው በአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እናቴን ለጎረቤቴ ትቼ ለማስቀደስ ድፍረት ያገኘሁ። የመጀመሪያው ለት ከቅዳሴው ይልቅ እንባዬን ነው የማስታውሰው።

እኛ ጎጃሞች ስለ ድካም የማናውቅ ሆነን አይደለም። በሬ የሚፈታበት ሰዓት አለው። ቀንበር አንገቱን የላጠውን በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ቢኖር በመንገድ አላፊው ሁሉ “ኧረ ፍታው!” ብሎ ይጮኽበታል። የአንድ ቤት ጤፍ ታጭዶ ሳይከመር ዝናብ ሊመታው ነው ከተባለ ደቦ ይጠራል፤ ቂም ያለው እንኳ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ወንፈል ደግሞ አለን፦ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ይኸ ሁሉ ለእህል ነው፣ ለከብት ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ግን በር ተዘግቶ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀንበር ተሸክማ ዓመት ስትዞር፣ “ፍቺው” የሚል የለም። ስለማናይ ነው። ማሳው ደጅ ነው፣ አልጋው ጓዳ ነው።

ዕድራችንም እንዲሁ ነው። መዋጮአችን፣ ድንኳናችን፣ ድስታችን፣ የቅጣት ደንባችን ሁሉ የተሠራው ለሞት ነው። አባል ቀብር ቢቀር ይቀጣል። ሕጉም ቢሆን ከእኛ አልተሻለም፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅርብ ዘመድ ለሞተበት የድርጅት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለከባድና ለየት ላለ ችግር ግን ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ ያውም በዓመት ከ2 ጊዜ ላልበለጠ። የጤና መድኑም አለ፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ክልላችን ከተመረጡት ክልሎች አንዱ ነበር፤ እናቴም በመድኑ ነው የታከመችው፣ ዕድሜ ለእሱ። መድኑ ግን በሽተኛውን እንጂ ከበሽተኛው አጠገብ የምትቀመጠውን አያያትም። አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አይቻለንም። ዕድር ግን የራሳችን ነው፤ ደንቡን የምናወጣው እኛው ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወር ስብሰባ ይኸ አጀንዳ እንዲያዝልኝ እለምናለሁ፦ ከአልጋ የማይነሳ በሽተኛ ያለበት አባል ቤት ሁሉ በጸሐፊው መዝገብ ይስፈር፤ ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ4 ሰዓት፣ ሁለት ሰው ተራ ይውጣለት።

ብዙ ይመስላል፤ እኔም በመጀመሪያ መስሎኝ ነበር። የሒሳብ መምህርት ነኝና አስልቼዋለሁ። በመዝገባችን 112 አባወራና እማወራ አለን። በአሁኑ ሰዓት እኔ የማውቃቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች 5 ናቸው። ለ5 ቤት፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ቢቆጠር 520 ተራ ነው። ለ112 ቤት ሲካፈል አንድ ቤት በዓመት 5 ጊዜ እንኳ አይደርሰውም። በዓመት 5 ግማሽ ቀን! አምና ብቻ ስንት ቀብር እንደወጣን አስቡት።

ለምን ሁለት ሰው? አንደኛ፣ የከበደ ሰው ብቻውን የሚያገላብጥ ወገቡን ነው የሚሰብረው፤ ሁለተኛ ደግሞ፣ በግልጽ ልናገር፣ ንብረት ጠፋ፣ ገመና ወጣ የሚል ሐሜት እንዳይነሳ ነው። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ይሁን። ገላ ማጠብና ሽንት መቀየር ለቤተሰቡ ይቆይ፤ በሽተኛውም ክብር አለው፣ ያፍራል። ተራ የደረሰው ሰው ሥራው ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ማጫወት ነው። መድኃኒት አይሰጥም፤ ከሰጠም አስታማሚው ጽፎ የተወለትን ብቻ ሰጥቶ፣ መስጠቱን ወረቀት ላይ ምልክት ያድርግ። (ይኸችን ምልክት እኔ ብጠቀምባት ኖሮ የኅዳሩ ጠዋት አይመጣም ነበር።) ቀብር የቀረ እንደሚቀጣው ሁሉ ተራውን ያስተጓጎለም ይቀጣ። አስታማሚው ደግሞ በእነዚያ 4 ሰዓታት የቤት ሥራ እንዳይሠራ! ይኸ በደንቡ ይጻፍልኝ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ ጎረቤቴ ሲያሳርፉኝ ልብስ ላጥብ ብዬ ሳፋ አውጥቼ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ሳፋውን የገለበጡት። ይተኛ፣ ያስቀድስ፣ ይለካ፣ ወንዝ ወርዶ ይቀመጥ፣ ጓደኛውን ይጠይቅ። ያሻውን።

ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ አለኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ እኅቶቻችን በየቤቱ እየገቡ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አስተምረውናል። ቁስሉን አይታ ያስተማረችኝም ከእነሱ አንዷ ናት። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ባለበት ቤት ሲገቡ የአስታማሚውንም ግፊት ይለኩልን። “አንቺስ እንቅልፍ አለሽ?” ይበሉ። ለዕድራችን አባላትም ለአንድ ከሰዓት መጥተው አገላበጡን ቢያሳዩን፣ ድንኳኑን እኛ እንተክላለን።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ እንደ መምህርትነቴ ዝም ልለው አልችልም። 7ኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ አለች፤ በገበያ ቀን ትቀራለች። ሁልጊዜ። ጠርቼ ስጠይቃት አያቷን እንደምትጠብቅ ነገረችኝ፤ እናቷ እንቁላልና ሽንኩርት ልትሸጥ ስትወጣ አያቷ ብቻቸውን አይቀሩም። በሳምንት አንድ ቀን ማለት በዓመት ከ35 የማያንስ የትምህርት ቀን ነው። ጎበዝ ነበረች፤ ዘንድሮ ክፍልፋይ ላይ ተሰናክላለች፣ ያን ያስተማርኩት በገበያ ቀን ነበር። እነዚያ ሁለት ተረኞች በገበያ ቀን ቢመደቡ ይቺ ልጅ ክፍሏ ትገባለች። የማስታመሙን ነገር ሁልጊዜ ወደ ሴቶች፣ ከሴቶችም ወደ ልጆች መግፋታችንን አባቶቼና ወንድሞቼ አስቡበት። ወንድ አያስታምምም ማለቴ አይደለም። ከእኔ ቤት በአራተኛው ደጃፍ ያሉትን ጡረተኛ አባት ታውቋቸዋላችሁ። ባለቤታቸው ከተኙ 3ኛ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ስገባ እግራቸውን በለብታ ውኃ እያጠቡላቸው፣ በየጣቶቻቸው መካከል እያደረቁ አገኘኋቸው። ለመነሳት ግድግዳ ያዙ። “አያ፣ መቼ ነው የተኙት?” ስላቸው ፈገግ ብለው “እስቲ ተይኝ” አሉኝ።

ለእኔ አልፏል። ዕድሩ ለእናቴ የሰጠኝ የቀብር ገንዘብ ተርፎኝ አስቀምጬዋለሁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ቤቶች ላስቲክ፣ ትራስና የሚታጠብ ጨርቅ መግዣ እንዲሆን ለገንዘብ ያዡ አስረክባለሁ። እስከ ስብሰባው ድረስም አልጠብቅም። በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እኒያ አባት ቤት እገባለሁ፤ ተነጋግረናል፣ እንቢ ብለው ብለው እሺ ብለዋል። ባለቤታቸው ከበድ ያሉ ናቸው፣ ብቻዬን አልችላቸውም። አንዲት ሴት አብራኝ እንድትገባ እፈልጋለሁ። የምትችሉ እስከ ዓርብ ማታ ቤቴ ብቅ በሉ ወይም ለጸሐፊው ንገሩልኝ፤ አገላበጡን እዚያው አሳያችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዕድሩ አባል፣ መምህርት